የፊት ፍሬን ሸራ በቤት መቀየር፦ አሮጌው ሸራ የሚናገረውን ሳያነቡ አዲሱን አይግጠሙ

ጥያቄ፦ «ፍሬን ስይዝ ከፊት በኩል ሲጥ የሚል ድምፅ ይሰማል። የፊት ሸራ ካስቀየርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ረዘም ያለ መንገድ ነድቼ ስቆም ደግሞ የቀኙ የፊት ጎማ ከግራው በጣም ይሞቃል። አሁን ሸራውን ቤቴ ውስጥ ራሴ ልቀይረው አስቤያለሁ። ምን ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል? ፒስተኑ እንዴት ነው የሚመለሰው? ዲስኩስ አብሮ መቀየር አለበት ወይ?»

መልስ፦

ሸራውን ራስዎ መቀየር ይችላሉ። መሣሪያው ጥቂት ነው፣ ሥራውም ቅደም ተከተሉን ለጠበቀ ሰው ከባድ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠሩት ከሆነ ግማሽ ቀን ይመድቡለት፤ መቸኮል የሚያስከፍልበት ሥራ ነውና። ከጥያቄዎ ውስጥ ግን ይበልጥ የሚያሳስበው የቀኙ ጎማ መሞቅ ነው፣ ሲጥታው ከዚያ በኋላ ይመጣል። የፊት ሸራ በተለመደ አነዳድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ዓመት ሳይሞላው ካለቀና አንዱ ጎማ ለብቻው የሚግል ከሆነ፣ እግርዎን ከፔዳሉ ካነሱ በኋላም ሸራው ዲስኩን (ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን ክብ ብረት) አልለቀቀም ማለት ነው። የሚያጣብቀው ነገር ተገኝቶ ካልተስተካከለ አዲሱም ሸራ እንደ አሮጌው ቶሎ ያልቃል።

ምክንያቱን ለመረዳት ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራዎቹን ከሁለት በኩል በዲስኩ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ላይ ያለው ካሊፐር አንድ ፒስተን ብቻ አለው፤ እሱም በውስጥ በኩል ነው። ፔዳሉን ሲረግጡ የፍሬን ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋዋል፣ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። ከዚያ ካሊፐሩ በሁለት ፔርኖዎች (የመንሸራተቻ ዘንጎች) ላይ ወደ ውስጥ ይንሸራተትና የውጪውን ሸራ እየሳበ ከሌላው ፊት ያጣብቀዋል። ፔዳሉን ሲለቁ ፒስተኑን የሚመልሰው ሞላ የለም። የሚመልሰው በዙሪያው ያለው ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) ነው፦ ፒስተኑ ሲወጣ አብሮ ተጣሞ የነበረው ጎሚኒ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ባነሰ ርቀት ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ፍሬኑ የሚለቀው በዚህች ትንሽ ርቀት ብቻ ነው። ስለዚህ በፔርኖው ላይ ያለ ጥቂት ዝገት ወይም በፒስተኑ ላይ የተጋገረ ቆሻሻ ሸራውን ቀኑን ሙሉ ከዲስኩ ጋር ሲያፋትገው ይውላል።

ድምፁን በተመለከተ፣ ፍሬን ቀስ ብለው ሲይዙ የሚሰማ ቀጭንና ያልተቋረጠ ሲጥታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሸራው ጋር ከተያያዘች ትንሽ ብረት ነው። ሸራው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይህች ብረት ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ ሆን ተብሎ የተሠራች ናት። ሁሉም ሸራ ላይ አትገኝም። ድምፁ ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማውን የመሰለ ሻካራ ጉርጉርታ ከሆነ ሸራው አልቆ ጀርባው ዲስኩን እየበላው ነውና መኪናውን አይንዱት። ዝናብ ካደረ በኋላ ጠዋት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፍሬኖች ተሰምቶ የሚጠፋ ድምፅ ግን በዲስኩ ላይ ያደረ ስስ ዝገት ነው፤ ምንም ማድረግ አያስፈልገውም።

መሣሪያ

ለደኅንነት የሚሆኑት ይቀድማሉ፦ የመኪናውን ክብደት የሚችል ክሪክ፣ ሁለት ካቫሌቶ (የተነሳውን መኪና ተሸክሞ የሚያቆም መቆሚያ)፣ ለኋላ ጎማዎች ሁለት ታኮ (ጎማው እንዳይንከባለል የሚደረግ ማገጃ)፣ መነጽር፣ ጓንትና የአቧራ ጭምብል። ለሥራው ደግሞ የጎማ መፍቻ፣ ከ10 እስከ 19 ቁጥር ያለው የቡሶላ ስብስብ፣ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ፒስተን ለመግፋት የሚሆን የእጅ ሞርሳ፣ ካሊፐሩን ለማንጠልጠል አንድ ክንድ ያህል ጠንካራ ሽቦ፣ አንድ ጣሳ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ ለፍሬን ፔርኖ የተሠራ የሲሊኮን ግሪስና ካሊብሮ (የውፍረት መለኪያ) ያዘጋጁ። የካሊፐሩ ብሎኖች በብዙ የጃፓንና የኮሪያ መኪኖች ላይ 12፣ 14 ወይም 17 ቁጥር ናቸው። በብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ግን ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ያለው 7 ቁጥር ፔርኖ ይገጥምዎታል፤ ይህ ቁልፍ በተለመደው ስብስብ ውስጥ ስለማይገኝ ካሊፐሩን አስቀድመው አይተው ይግዙት።

መጥበቂያ ኃይሉን የሚለካ ቶርክ ቁልፍ እንደ ቅንጦት የሚቆጥሩት ብዙዎች ናቸው። ለፍሬን ሥራ ግን ግዴታ ነው። የካሊፐር ፔርኖ ብሎን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ከ25 እስከ 35 ኒውተን ሜትር (የመጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ብቻ ነው፤ ይህ እጅ ከሚገምተው በጣም ያነሰ ስለሆነ በግምት የሚያጠብቅ ሰው ጥርሱን ይበላዋል ወይም ብሎኑን ይቆርጠዋል። ካሊፐሩና ሸራዎቹ የሚቀመጡበትን ተሸካሚ ብረት ከመኪናው ጋር የሚያስሩት ሁለቱ ትልልቅ ብሎኖች ደግሞ ከ80 እስከ 110 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ የጎማ ዳዶዎቹ በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ከ90 እስከ 120 ይደርሳሉ። የመኪናዎ ትክክለኛ ቁጥር በጥገና መጽሐፉ ላይ አለ፤ ከእነዚህ ጋር ከተለያየ የመጽሐፉን ይከተሉ።

ከመፍታትዎ በፊት

መኪናውን ቀጥ ባለና ጠንካራ ወለል ላይ ያቁሙ። አፈር ወይም በፀሐይ የለሰለሰ አስፋልት ከሆነ ክሪኩና ካቫሌቶው ስር ወፍራም ጣውላ ያንጥፉ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ታኮዎቹን ከኋላ ጎማዎች በስተጀርባ ያስገቡ። የጎማ ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ሩብ ዙር ያህል ያላሉ፤ ከተነሳ በኋላ ለማላላት ሲታገሉ መኪናው ከክሪኩ ላይ ሊንሸራተት ይችላል።

ክሪክ ማንሻ ነው፣ መያዣ አይደለም። የዘይት ጎሚኒው ድንገት ሲለቅ መኪናው ያለ ማስጠንቀቂያ ይወርዳል። ስለዚህ መጽሐፉ በሚያሳየው ማንሻ ቦታ ካነሱ በኋላ ካቫሌቶዎቹን በተጠናከረው የሻሲ ክፍል ስር ያስገቡና ክብደቱን በእነሱ ላይ ያሳርፉ። በሞተሩ ዘይት መያዣ ስር ወይም በቀጭኑ የወለል ላሜራ ላይ አያሳርፉ። ብሎኬት ወይም የተደራረበ ድንጋይ በካቫሌቶ ፋንታ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ ብሎኬት ሲሰበር ቀስ እያለ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ነው። የፈቱትን ጎማ ደግሞ ከመኪናው ጎን በታች አጋድመው ያስቀምጡት፤ ሌላው ሁሉ ቢከዳ ክፍተት ይተውልዎታል።

መኪናው ካቫሌቶ ላይ ካረፈ በኋላ፣ ታኮዎቹና የእጅ ፍሬኑ እንዳሉ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው ሁለቱን የፊት ጎማዎች በእጅዎ ያዙሩ። የፊት ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ ትንሽ ክብደት መኖሩ ልክ ነው፤ ቀለል ያለ የመፋተግ ድምፅም ያለ ነው። የቀኙ ከግራው በግልጽ የሚከብድ ከሆነ ግን የሙቀቱን ምክንያት ጎማውን ሳይፈቱ አረጋገጡ ማለት ነው። ስሜቱን ልብ ይበሉት፤ ሥራውን ሲጨርሱ እንደገና ያዙሩትና ያነጻጽራሉ።

አፈታት

አንዱን ጎን ሙሉ በሙሉ ጨርሰው ወደ ሌላው ይሂዱ። አንዱ ሳይነካ ከቆየ የትኛው ክሊፕ በየት በኩል እንደነበር ግራ ቢገባዎት ሄደው ያዩታል። መሪውን ወደሚሠሩበት ጎን ማጠፍ የካሊፐሩን ጀርባ ያጋልጥልዎታል።

ብዙ መኪና ላይ የታችኛውን ብሎን ብቻ ፈትተው ካሊፐሩን በላይኛው ላይ እንደ መስኮት ከፍቶ ማንሳት ይቻላል። የእርስዎ መኪና ግን የሚያጣብቅ ነገር ስላለው ሁለቱንም ፈትተው ካሊፐሩን ሙሉ በሙሉ ያውጡት። ካሊፐሩ በፍሬን ቱቦው ላይ እንዲንጠለጠል ግን አይፍቀዱ፤ ቱቦው ከውጪ ደህና መስሎ ውስጡ ይሰነጠቃል። ባዘጋጁት ሽቦ ከጎማው በላይ ካለው የመኪናው ሞላ (ስፕሪንግ) ጋር ያስሩት። ካሊፐሩ አልወጣ ካለ በካቻቪቴ የውጪውን ሸራ ወደ ውጪ ቀስ አድርገው ቢገፉት ፒስተኑ ጥቂት ይመለስና ይለቃል።

የፍሬን አቧራ በአየር ግፊት አይነፋም፣ በደረቅ ብሩሽም አይጠረግም። በቆዩ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ የሌለበትም ቢሆን ለሳንባ ጎጂ ነው። አስቀድመው በስፕሬዩ አርጥበው ወደ ዕቃ ያውርዱት።

አሮጌውን ሸራ ማንበብ

አብዛኛው ሰው አሮጌውን ሸራ ወዲያው ወደ ቆሻሻ ይጥለዋል። አይጣሉት። አራቱንም ሸራዎች የትኛው ከየት እንደወጣ ጽፈውባቸው ጎን ለጎን ይደርድሩና ውፍረታቸውን ይለኩ። አዲስ ሸራ ከጀርባ ብረቱ ውጪ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይቀየራል።

በአንድ ጎማ ላይ የውጪው ሸራ ከውስጡ ይልቅ በጣም ካለቀ ፔርኖዎቹ ደርቀዋል፦ ካሊፐሩ አንዴ ከገባ በኋላ ተመልሶ መውጣት አልቻለም። የውስጡ ከውጪው ይልቅ ካለቀ ወይ ፒስተኑ አይመለስም፣ ወይ ፔርኖው ፈጽሞ ስለተያዘ ፍሬን የሚይዘው የውስጡ ሸራ ብቻ ሆኗል። አንዱ ሸራ በአንድ ጫፉ ወፍራም በሌላው ቀጭን ሆኖ ሽብልቅ ከመሰለ ከሁለቱ ፔርኖዎች አንዱ ብቻ ተይዟል፣ አለዚያም የሸራው ጆሮ (የጀርባ ብረቱ ወጣ ያለ ጫፍ) በተቀመጠበት ቦይ ውስጥ ዝገት አጣብቆታል። የቀኙ ሁለቱም ሸራዎች እኩል አልቀው የግራዎቹ ገና ከሆኑ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ፒስተኑና ወደ ፍሬን ቱቦው ይሄዳል። ፊቱ እንደ መስታወት ያበራ ወይም ጠርዙ የተፈረፈረ ሸራ ከመጠን በላይ ሞቋል። በዘይት ወይም በግሪስ የራሰ ሸራ ካገኙ፣ አጥቦም ሆነ አቃጥሎ መልሶ መግጠም የለም፤ ዘይቱ ውስጡ ገብቷል። ዘይቱ ከየት እንደመጣም ሳይፈልጉ አዲስ አይግጠሙ።

ፔርኖው

እንደ እርስዎ ባለ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜዎን እዚህ ላይ ያጥፉ። ሁለቱን ፔርኖዎች ከጎሚኒያቸው ውስጥ ይሳቡ። ደህና የሆነ ፔርኖ በሁለት ጣት ይወጣል። በመዶሻ ካልሆነ አልወጣ ካለ ምክንያቱን አገኙት። አንዳንዱ ካሊፐር ላይ ከሁለቱ ፔርኖዎች አንደኛው ጫፉ ላይ ትንሽ የጎማ ቀለበት ይኖረዋል ወይም ጎኑ የተላገ ነው፤ የላይና የታቹ ቢለዋወጡ ካሊፐሩ እንደገና ይያዛልና ሲያወጡ ምልክት ያድርጉባቸው።

ፔርኖውን በጨርቅና በስፕሬይ አጥበው በጣትዎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳስሱት። ስስ ቡናማ ቅባት ብቻ ከሆነ ይታጠባል። ጥፍርዎ የሚይዘው ጉድጓድ ካለው ግን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት አያድነውም፤ አዲስ ፔርኖ ከነጎሚኒው ይግዙ። የሚገባበትን ቀዳዳም በስፕሬይና በቀጭን ብሩሽ አሮጌውን ግሪስ እስኪለቅ ያጽዱ፤ የተጋገረው ታች ይቀራልና ወደ ውስጥ አይተው ያረጋግጡ። የተቀደደ ጎሚኒ ውሃ ስለሚያስገባ ይቀየራል።

ግሪሱን በተመለከተ፣ ለኩሽኔታ የሚሆነውን ተራ ግሪስ እዚህ ማስገባት አይቻልም። ከነዳጅ የተሠራ ቅባት የፍሬን ጎማዎችን ያሳብጣል፤ ያበጠ ጎማ ፔርኖውን አንቆ ይይዝና ከጥቂት ወራት በኋላ ወደዚሁ ችግር ይመልስዎታል። በቤንዚንና በናፍጣ ማጠብም በዚሁ ምክንያት አይሆንም። የሲሊኮን ግሪሱን ደግሞ በስሱ ብቻ ይቀቡ። ቀዳዳውን በግሪስ የሞላ ሰው ፔርኖው ሲገባ አየሩና ግሪሱ መውጫ አጥተው መልሰው ይገፉበታል። ፔርኖው እስከ መጨረሻው ከገባ በኋላ የጎሚኒውን ከንፈር በጣትዎ ቆንጠጥ አድርገው የታፈነውን አየር ያስወጡ፣ ከዚያም ከንፈሩ በፔርኖው ቦይ ውስጥ መቀመጡን ያረጋግጡ። በመጨረሻ በእጅዎ ሲገፉትና ሲስቡት ያለ መንጠቆ መንሸራተት አለበት።

ተሸካሚው ብረት ላይ ሸራው የሚቀመጥባቸውን ቀጫጭን ክሊፖች ያውልቁ። ከክሊፑ ስር የሚያድገው ዝገት ክሊፑን ከፍ አድርጎ የሸራውን ጆሮ ይቆነጥጠዋል፤ ክሊፑን ሳያነሱ ሲያዩት ምንም አይታይም። በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ ያጽዱና አዳዲሶቹን ክሊፖች ይግጠሙ። ብዙ ሸራዎች ክሊፖቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሸራው በቦታው ሲገባ በአውራ ጣት ግፊት መንሸራተት አለበት። መዶሻ ከፈለገ ወይ ዝገት ቀርቷል፣ ወይ ሸራው የዚያ መኪና አይደለም።

ፒስተኑን መመለስ

በመጀመሪያ በኮፈኑ ስር ያለውን የፍሬን ዘይት ዕቃ ክዳን ይክፈቱና መጠኑን ይመልከቱ። ፒስተኑ ሲገባ ዘይቱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ሸራው ባለቀበት ጊዜ ዘይት የተጨመረ ከሆነ ይፈስሳል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፣ ስለዚህ ከፍ ብሎ ካዩት በንጹሕ ሲሪንጅ ጥቂት ይቀንሱ። ላዩ ላይ የፈሰሰ ካለ ወዲያው በብዙ ውሃ ይጠቡት።

አሮጌውን የውስጥ ሸራ ፒስተኑ ፊት ላይ ያስቀምጡ፣ የሞርሳውን አንድ ጫፍ በሸራው ጀርባ ሌላውን በካሊፐሩ ጀርባ አድርገው ቀስ እያሉ ያጥብቁ። ሸራው ግፊቱን በፒስተኑ ፊት ሁሉ ላይ ስለሚያከፋፍለው ፒስተኑ ሳይጣመም ይገባል። በካቻቪቴ ከጎን መፈልቀቅ ፒስተኑን ከአቧራ የሚጠብቀውን ጎማ ይቀድዳል። ጤነኛ ፒስተን በእጅ ኃይል ብቻ እኩል እየተንሸራተተ ይገባል።

እምቢ ካለ ወይም እየተያዘና እየዘለለ ከገባ ኃይል አይጨምሩ። የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ብሎን ላይ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ያድርጉ፣ ብሎኑን ሩብ ዙር ከፍተው እንደገና ይግፉ። አሁን በቀላሉ ከገባ ፒስተኑ ደህና ነው፤ ውስጡ ያበጠ የፍሬን ቱቦ ዘይቱን ወደ ላይ እንዳይመለስ አግዶት ነበር፣ ስለዚህ ቱቦው ይቀየራል። አሁንም ካልገባ ፒስተኑ ዝጓል፤ ካሊፐሩ ይታደሳል ወይም ይቀየራል። ፒስተኑ ገና በእንቅስቃሴ ላይ እያለ ብሎኑን መዝጋት አይርሱ፣ አለዚያ አየር ይገባል። ብሎኑን ከከፈቱ ደግሞ በመጨረሻ አየር ማስወጣት አለብዎት፦ ረዳትዎ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ እርስዎ ከፍተው ይዘጋሉ፣ ከዘጉ በኋላ ብቻ ፔዳሉን ይለቃል። ዘይቱ ያለ አረፋ እስኪወጣ ይደጋገማል፤ በመካከሉ የላይኛው ዕቃ ባዶ እንዳይሆን ይሙሉ።

ይህ ሁሉ ለፊት ካሊፐር ነው። በብዙ መኪኖች የኋላ ካሊፐር ላይ የእጅ ፍሬኑ ከፒስተኑ ጋር ስለተያያዘ ፒስተኑ እየተሽከረከረ እንጂ በመገፋት አይገባም። የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የመኪናውን ኮምፒውተር ወደ ጥገና ሁኔታ ሳያስገቡ ቢገፉት የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ሞተር ይሰብሩታል።

የዘይቱን ዓይነት በክዳኑ ላይ ካለው ጽሑፍ ይውሰዱ። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 አንድ ዘር ናቸው። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም፤ ስሙ ከ5.1 ጋር ስለሚመሳሰል ሲገዙ ይጠንቀቁ። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን ይህ ወሰን ወደ 155 ይወርዳል። እንደ እርስዎ ያለ የሚግል ጎማ ላይ ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው፦ የፈላ ዘይት ፔዳሉን እስከ ወለሉ ያወርደዋል። ዘይቱ ከተቀየረ 2 ዓመት ካለፈው በዚሁ አጋጣሚ ይቀይሩት። ተከፍቶ የቆየ ጣሳ ውስጥ ያለውን አይጠቀሙ።

ዲስኩ

ሸራ በተቀየረ ቁጥር ዲስክ መቀየር ግዴታ አይደለም። የሚወስነው ውፍረቱና ፊቱ ነው። ዝቅተኛው የተፈቀደ ውፍረት በዲስኩ ጠርዝ ወይም መሃሉ ላይ ተቀርጿል፤ ለምሳሌ አዲስ ሲሆን 25 ሚሊ ሜትር የነበረ ዲስክ ብዙ ጊዜ 23 ላይ ያበቃል። ሲለኩ ጠርዙ ላይ ያለው ያልተበላ ከንፈር ያሳስታል፤ ካሊብሮውን በእሱ ላይ ካሳረፉት ያለቀ ዲስክ ደህና ይመስላል። እኩል ውፍረት ያላቸው ሁለት ሳንቲሞች ወስደው በሸራው መንገድ ላይ አንዱን በዚህ አንዱን በዚያ ፊት ይያዙ፣ ከሳንቲሞቹ ጋር ለክተው የሳንቲሞቹን ውፍረት ይቀንሱ። በዙሪያው በተለያየ ቦታ ደጋግመው ይለኩ።

የእርስዎ የቀኝ ዲስክ ሲግል ስለቆየ ሰማያዊ ነጠብጣቦችን ወይም ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚሄዱ ስንጥቆችን ይፈልጉ። ስንጥቅ ካለ ይጣላል። ፍሬን ሲይዙ ፔዳሉ ወይም መሪው የሚርገበገብ ከሆነ የዲስኩ ውፍረት በዙሪያው እኩል አይደለም። ይህን የሚያመጣው ልዩነት ከመቶ የሚሊ ሜትር ክፍል ጥቂቱ ስለሆነ በካሊብሮ ላያዩት ይችላሉ፤ እዚህ ላይ ከመሣሪያው ይልቅ የእግርዎን ስሜት ይመኑ።

ዲስክ ከቀየሩ የቀኝና የግራውን አንድ ላይ ይቀይሩ፤ ሸራም እንደዚሁ ሁልጊዜ በሁለቱም ጎን ነው። ተሸካሚው ብረት ከወጣ በኋላ ዲስኩ አልለቅ ካለ ብዙዎቹ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ልካቸው የሆነ ሁለት ብሎን አስገብተው ተራ በተራ ሲያጠብቁ ዲስኩ ተገፍቶ ይወጣል። ዲስኩ የሚያርፍበትን ሞዞ (ጎማውና ዲስኩ የሚታሰሩበትን የመሃል ብረት) በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ። እዚያ የቀረች ትንሽ የዝገት ቅርፊት አዲሱን ዲስክ አዛብታ ታስቀምጠውና ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ መርገብገብ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ «ዲስኩ ጥራት የለውም» እየተባለ የሚመለሰው በዚህ ነው። አዲስ ዲስክ የፀረ ዝገት ዘይት ስላለው ሁለቱንም ፊት በስፕሬይ አጥበው ይግጠሙ።

መልሶ መግጠምና መፈተሽ

የውስጥና የውጪ ሸራ ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ የምትጮኸዋ ብረት በየት በኩል እንደነበረች ከአሮጌው ያመሳክሩ። የሸራውን ፊት በግሪስ በነካ እጅ አይንኩ። ለድምፅ የሚቀባው ቅባት በጀርባ ብረቱና በጆሮዎቹ ላይ በስሱ ብቻ ነው። ካሊፐሩን መልሰው ብሎኖቹን በቶርክ ቁልፍ ያጥብቁ፤ ቱቦው ያልተጠመዘዘ መሆኑን መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙረው ይዩ። የጎማ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል በእጅ ያስገቡ፣ መኪናው ከወረደ በኋላ በቶርክ ቁልፍ ይጨርሱ። ጥርሱን ዘይት አይቀቡት፤ የመጥበቂያው ቁጥር የተሰጠው ለደረቅ ጥርስ ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እንደገና ያጥብቁ።

ሞተሩን አስነስተው መኪናው ሳይንቀሳቀስ ፔዳሉን ቀስ በቀስ ይርገጡ። የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች እስከ ታች ይሄዳሉ፤ የገፉት ፒስተን ከሸራው ጋር ገና አልተገናኘምና። ፔዳሉ ጠንክሮ ከፍ ብሎ እስኪቆም ድረስ ማርሽ አያስገቡ። ይህን የረሳ ሰው ከግቢው ሲወጣ የመጀመሪያው ፍሬን ባዶ ይሆንበታል። ከጠነከረ በኋላ የዘይቱን መጠን በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያስተካክሉ። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር አለ። ጠንክሮ ቆይቶ እግርዎን እንደጫኑ ቀስ እያለ ከወረደ ወይ የሆነ ቦታ ይንጠባጠባል፣ ወይ ዋናው የፍሬን ፓምፕ በውስጡ ዘይት ያሳልፋል፤ በዚህ ሁኔታ መኪናው ከቦታው አይንቀሳቀስም።

አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር መለማመድ አለበት። ባዶ መንገድ ላይ ከ50 ወይም 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 15 ገደማ በመካከለኛ ግፊት ይቀንሱ፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ነድተው ያቀዝቅዙ፣ ይህን ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይድገሙ። በመካከሉ ሙሉ በሙሉ ቆመው ፔዳሉን ረግጠው አይያዙ፤ የጋለ ሸራ በቆመበት ቦታ ዲስኩ ላይ አሻራ ይተዋል፣ ያም በኋላ መርገብገብ ይሆናል። ለመጀመሪያው 300 ኪሎ ሜትር ካልተገደዱ በስተቀር በኃይል አይያዙ።

በመጨረሻ ወደ ዋናው ጉዳይ ይመለሱ። ሸራው ከተለማመደ በኋላ ብዙ ፍሬን ሳይዙ ሩብ ሰዓት ያህል ነድተው ይቁሙና እጅዎን ወደ ሁለቱ የፊት ቸርኬዎች ያስጠጉ። ዲስኩን በእጅ አይንኩ፤ ከርቀት ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ካለዎት የተሻለ ነው። ሁለቱ ተቀራራቢ ከሆኑ ሥራው ተሳክቷል። ቀኙ አሁንም ብቻውን የሚግል ከሆነ ፔርኖና ክሊፕ ታጥበው የቀረው ፒስተኑ ወይም ቱቦው ነውና ካሊፐሩን ወደሚያድስ ባለሙያ ይውሰዱት። የፒስተኑ ጎማ ዙሪያ እርጥበት ካዩ፣ ብሎን ውስጥ ተቆርጦ ከቀረ፣ የብረት ቱቦው በዝገት ከተበላ ወይም የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) መብራት በርቶ ካልጠፋ ደግሞ በቤት መሣሪያ አይቀጥሉ።

ከ5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ጎማውን አንዴ ያውልቁና በካሊፐሩ መስኮት በኩል የውስጡንና የውጪውን ሸራ ውፍረት ያወዳድሩ፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ፔርኖውን እንደገና ያውጡት።